የስምንተኛው ቤት ይግባኝ

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ስሟን በወረቀት ላይ ለማስፈር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ መጠየቅ በእኛ ከተማ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፈም፤ ቃል ከተጣመመብኝ አቃኑት። ነገሩን ግን አላጣመምኩትም። እንደሆነው ነው የምጽፈው።

ትርንጎ እባላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የኖርኩት ጠላ ጠምቄ ነው። ጋኔን አጥባለሁ፣ በወይራ አጥናለሁ፣ ጌሾ እወቅጣለሁ፣ ገብስ እቆላለሁ፤ ሲደርስልኝ ከደጄ በተከልኩት እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ እደፋለሁ። የተደፋ ጣሳ ያየ ሰው ጠላ እንዳለ ያውቃል። ይገባል፣ ይጠጣል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። አልሄድም የሚል ካለ እኔ እሸኘዋለሁ፤ ክንዴ ደህና ነው። ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ላውቅም አልፈለግሁም።

አንድ ቀን አዲስ አውራ መጣ። አውራ የምንለው ከተማችንን የሚያስተዳድረውን ሹም ነው። ይኸኛው አውራ ጠላ አይጠጣም፤ አይከፋም። ሰው ሲጠጣ ማየትም አይወድም፤ እሱም አይከፋም። የከፋው መቁጠር መውደዱ ነው። በተሾመ ሰሞን ዛፉን ቆጠረ፣ ውሻውን ቆጠረ፣ ኋላ የጠላ ቤቱን ቆጠረ። በዚያች በአንዷ መንገዳችን ላይ ስምንት ሆነን ተገኘን። «ለአንዲት ከተማ ሰባት ይበቃል» አለና ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ጀምሮ ቁልቁል ለሰባቱ ፈቃድ አደለ። የእኔ ቤት መንገዱ የሚያልቅበት፣ ወንዙ ዳር ነው። ፈቃዱ እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ።

ጠላሽ ጎመዘዘ አላለኝም። ቤትሽ ውስጥ ሰው ተፈነከተ አላለኝም። ስምንተኛ ነሽ አለኝ፤ በቃ።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው አቶ ምንይችል ይባላል፤ ቀለም እንዳይነካው እጅጌውን ሰብስቦ የሚጽፍ ቀጭን ሰው ነው።

«ከወንዙ ጀምራችሁ ብትቆጥሩ እኮ አንደኛ ነኝ» አልኩት።

«ቆጠራ የሚጀመረው ከማዘጋጃ ቤት ነው፣ እትዬ።»

«ማነው ያለው?»

«ማዘጋጃ ቤት።»

«ወንዙ ሳይቀድማችሁ አይቀርም።»

«ወንዙ ማኅተም የለውም» አለና ሳቀ። አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። «ቅር ካለሽ ይግባኝ በያ! መብትሽ ነው።»

«እላለኋ!»

ሳቁ ቆመ። ኋላ እንደገባኝ፣ ይግባኝ በከተማችን መብት ሆኖ የኖረው ማንም ስለማይለው ነበር።

የይግባኙን ደንብ ላስረዳችሁ። ይግባኝ የሚሰሙት ሰዎች ጆሮዎች ይባላሉ፤ ሦስት ናቸው። የከተማችን ሰው ጆሮ መሆን አይችልም፤ ወሬውን አስቀድሞ ስለሰማ ጆሮው ተይዟል ይባላል። ስለዚህ ከወንዙ ማዶ ይመጣሉ። እስኪፈርዱ ድረስ የሚያበላቸውና የሚያስተኛቸው የከለከለው ወገን ነው። ደግሞ ጆሮዎች ያላዩትን ነገር አይሰሙም። ክርክሩ ስለ በሬ ከሆነ በሬው ችሎት ፊት ይቆማል፤ ስለ ወፍጮ ከሆነ ወፍጮውን ተሸክመው ያመጡታል። ስለ ጠላ ከሆነ አዲስ የደረሰ ጠላ በጋን ሆኖ ፊታቸው ይቀመጣል፤ በየቀጠሮው አዲስ። ባለፈው ችሎት የቀረበ ጠላ ለዛሬው አይሆንም።

ታዲያ ማን ይጥመቀው? እኔ አልችልም፤ ተከልክያለሁ። ሰባቱ ባለፈቃዶች አይችሉም፤ የእኔ መዘጋት ይጠቅማቸዋልና ጠላቸው ያዳላል ተባለ። የቀረው ከልካዩ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ይጥመቅ ተባለ። ጠላ በዛ ብሎ የከለከለኝ መሥሪያ ቤት ጋን ፍለጋ ገበያ ወጣ። ማንም አልሳቀም፤ ደንብ ነውና።

በከተማችን ሌላ ሹመትም አለ፤ የወጪ ነጋሪ። ከተለመደው ውጭ የወጣ ነገር ሁሉ አመሻሹ ላይ በከበሮ ይነገራል። ነጋሪው አቶ ይርዳው ነው፤ ድምፁ ከከበሮው ይብሳል። ከተማውን ዞሮ ሲያበቃ መጨረሻ እኔ ደጅ ላይ ይቆማል።

«ስሙ! ለትርንጎ ይግባኝ፣ ለጆሮዎች መኝታ፣ የጤና ጣቢያው ሦስት አልጋ!»

በማግስቱ ደግሞ፣

«ስሙ! ለትርንጎ ይግባኝ፣ ለጆሮዎች መቀመጫ፣ የተማሪ ቤቱ አግዳሚ በሙሉ!»

ከዚያም፣

«ስሙ! ለትርንጎ ይግባኝ፣ ለገብስ መቁያ ማገዶ፣ የድልድዩ ሳንቃ!»

ለክፉ ቀን የተቀመጠው የጎተራ ገብስ ብቅል ሆነ። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ይማሩ ጀመር። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ቆመህ ታመም ይባላል። ወንዙን የሚሻገር ሁሉ ልብሱን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ይገባል። ታዲያ እግሩ እየተንጠባጠበ በደጄ ሲያልፍ በክፉ ዓይን የሚያየው እኔን ነው። አውራውን አያይም፤ የአውራው ስም መቼ ተጠርቶ!

የሰባተኛው ቤት ባለቤት አልጣሽ ጎረቤቴ ናት፤ አጥራችን አንድ ነው። አንድ ከሰዓት ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ መጣች።

«ትርንጎ፣ በሞቴ ተይው።»

«ምኑን?»

«ይግባኙን ነዋ! አገሩን ጨረስሽው እኮ።»

«አልጋው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ?»

«እሱን መች አልኩ?»

«ድልድዩን የማገድኩት እኔ ነኝ?»

«ኧረ ባንቺ ስም ነው የሚማገደው!»

«በስሜ ማግዱ ብያለሁ? በራሳቸው ስም ይማግዱ።»

«ሰው ጠልቶሻል፣ ትርንጎ።»

«አንቺስ?»

የረጠበ ቀሚሷን ጨመቀች። ከዚያ «እኔ እግሬን ብርድ ገብቶታል» አለችና ወጣች።

ልተወው እችል ነበር። በዚያን ጊዜ የምበላው ለሰው ውሃ እየቀዳሁ፣ እንጨት እየለቀምኩ ነው። ጋኖቼ ጥጋቸውን ይዘው አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ማታ ስገባ እነሱን ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ። ግን አስቡት። አሁን ብተወው ሳንቃው ተመልሶ ድልድይ አይሆንም። ገብሱ ጎተራ አይገባም። የሄደው ሄዶ ክልከላው ብቻ ሊቀርልኝ ነው። ለእኔ እንዲህ ያለ ሂሳብ አይገባኝም። አልተውም አልኩ። ሰላምታ የነፈገኝን ሰው ሁሉ ጮክ ብዬ እንደምን ዋልክ እያልኩ አልፋለሁ።

የማዘጋጃ ቤቱ የመጀመሪያ ጠላ ሆምጣጤ ሆነ። ጆሮዎች አሸተቱትና «ክርክሩ ስለዚህ አይደለም» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ቀጠሮ ሰጡ ማለት ሄዱ ማለት አይደለም፤ እዚያው ይበላሉ፣ በአልጋው ይተኛሉ። ሁለተኛው ጠላ ሻገተ። ሦስተኛው ግን ወጣ። እውነት እንናገር ካልን፣ ጥሩ ጠላ ሆነ። ያ እጅጌውን የሚሰበስብ ምንይችል እስከ ክንዱ ድፍድፍ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ጌሾውን ከነእንጨቱ ነው የምትወቅጪው ወይስ ቅጠሉን ብቻ?»

«ምን አገባህ? አንተ ጸሐፊ አይደለህ?»

«ለማነጻጸር ያህል ነው። የእኔ ደህና አድርጎ ወጥቶልኛል» አለ ኮራ ብሎ። «ትልቁ ጆሮ ደጋግመው ነው ያስቀዱት።»

«የእኔን ጉዳይስ ሰሙት?»

«እሱ ጋ ሳይደረስ ጋኑ አለቀ። ለሌላ ቀን ተቀጥሯል።»

እንዲህ ሆነላችሁ። ጋኑ ፊታቸው ካልቀረበ አይሰሙም፤ ከቀረበ ይጠጡታል፤ ካለቀ ቀጠሮ ነው።

አውራው መላ ዘየደ። ጠላው ከክርክሩ በፊት እንዳያልቅ ሰባት ጋን ይጠመቅ አለ። ሦስት ሰው ሰባት ጋን አይጨርስም፤ ሞክረዋል ግን። የተረፈውን ማፍሰስ የሕዝብን ንብረት ማባከን ነው። ስለዚህ «ትራፊው ይሸጥና የይግባኙን ወጪ ይካስ» ተብሎ ታዘዘ። ከማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ይቀዳ ጀመር። ከባንዲራው ምሰሶ አጠገብ ሌላ ምሰሶ ተተከለና ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፋ።

ማዘጋጃ ቤቱ ገብሱን ከጎተራ፣ ማገዶውን ከድልድይ ስለሚያመጣ በርካሽ ይሸጣል። ሰዉ ወደዚያው ጎረፈ። ጉዳይ ያለው ጉዳዩን ይዞ፣ ጉዳይ የሌለው ጉዳይ ፈጥሮ ይሄዳል። ይርዳውም ከበሮውን ታቅፎ መስኮቱ ሥር ይውልና አመሻሹ ላይ ወጪውን በዜማ ይነግረን ጀመር። ሰባቱ ጠላ ቤቶች ሰው አጡ። ባለቤቶቹ አንድ በአንድ ጋናቸውን ከነፈቃዳቸው ለማዘጋጃ ቤቱ አስረከቡ። የመጨረሻዋ አልጣሽ ነበረች።

«ጋኔን ሰጠኋቸው» አለችኝ አጥሩ ላይ ተደግፋ።

«ፈቃድሽንስ?»

«ጋን ከሌለኝ ፈቃዱን በምን ልጥመቀው?»

ሳቅን። እሷ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። በነጠላዋ ጠረገችውና «አንቺ አሁንም አልተውሽም?» አለችኝ። አልተውኩም አልኳት። እንደ በፊቱ አልተቆጣችም።

የፍርዱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ የሚሰማ ሳይሆን የሚጠጣ ሰው። ትልቁ ጆሮ ጣሳውን አስቀምጦ አፉን ጠረገ።

«ሴትዮ፣ ይግባኝሽ ምንድነው?»

«ከወንዙ ጀምራችሁ ቁጠሩኝ ነው የምለው።»

«ከወንዙ ቆጠርን። አንደኛ ነሽ። ልክ ነሽ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ለምን እንደሚያጨበጭቡ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

«ነገር ግን» አለ ትልቁ ጆሮ፣ «ለከተማዋ የተወሰነው ሰባት ነው። ሰባቱም ፈቃድ ዛሬ በማዘጋጃ ቤቱ እጅ ይገኛል። ሰባት ሞልቷል። ስለዚህ አንደኛም ብትሆኚ ስምንተኛ ነሽ።»

«የከለከሉኝ እኮ ጠላ በዛ ብለው ነው! ይሄ ሁሉ ምንድነው ታዲያ?»

«እሱ ይግባኝሽ ውስጥ የለም» አለና ጣሳውን አነሳ። «ተዘግቷል።»

ጉዳዩ ተዘጋ እንጂ ጆሮዎች አልሄዱም። ወደ አገራቸው የሚሻገሩበት ድልድይ ለእነሱው ተማግዶ የለ!

ቤቴ ስደርስ ደጄ በአተላ ተጥለቅልቋል። የሰባቱ ጋን አተላ ከማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ ቦዩ ውስጥ ይደፋል፤ ቦዩ መንገዱን ይዞ ይወርዳል፤ መንገዱ የሚያልቀው እኔ ጋ ነው። ዶሮዎቼ ጠግበው ጠጥተው አንዷ በሌላዋ ላይ ወድቃለች። ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ሳልቀመጥ ዞሬ ወጣሁ።

«አሁን ደግሞ ምን?» አለ ምንይችል።

«ልከስ ነው።»

«ማንን?»

«ማዘጋጃ ቤቱን። ጎረቤቴ ጠላ ሻጭ አተላውን ደጄ ላይ ደፋብኝ።»

«እኛ ጎረቤትሽ አይደለንም፣ እትዬ። እኛ ላይ ነን፣ አንቺ ታች።»

«አተላችሁ መጥቶ ደጄ ላይ ተኝቷል። ከዚህ የባሰ ምን ጉርብትና አለ?»

ከሳሽ ሲመጣ መጻፍ ደንብ ነውና መጻፍ ጀመረ። እየጻፈ እጁ ዝግ እያለ መጣ። ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ ነው ለሁለታችንም የበራልን። በደንቡ የተከሰሰ ጠላ ሻጭ ክሱ እስኪያልቅ አይጠምቅም። ክስም የሚሰሙት እነዚያው ጆሮዎች ናቸው፤ ጠላ ፊታቸው ካልተቀመጠ አይሰሙም። በከተማዋ ያለው ፈቃድ ሁሉ ደግሞ የተከሳሹ ነው።

«እትዬ ትርንጎ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ ጠዋት የጠነሰስኩት አለ።»

«ድፋው» አልኩት። «ወደ እኔ በኩል ግን አይደለም።»

በነጋታው አውራው ራሱ መጣ። አተላውን እየዘለለ፣ ጫማውን እያየ፣ ጎንበስ ብሎ ቤቴ ገባ። አልጣሽ እኔ ጋ ተቀምጣ ነበር።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ከተማዋ ተጎድታለች።»

«በእግሬ እየተሻገርኩ አይቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«ክስሽን አንሺ። ስምንተኛ ፈቃድ እጨምርልሻለሁ።»

አልዋሽም፤ ልቤ ደነገጠ። ያ ሁሉ ነገር ለዚህ ነበር። ጋኖቼን ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ሰባት ይበቃል ይሉ አልነበረም?»

«በምሕረት ነው። አንቺ እዚህ ላይ ትፈርሚያለሽ።» ወረቀት ዘረጋ። «ሲጀመር የተከለከልሽው በአግባቡ እንደነበር፣ ለጠፋው ንብረት ሁሉ ምክንያቱ ያንቺ ይግባኝ እንደሆነ። ሌላ ምንም የለውም።»

አልጣሽን አየኋት። ፈርሚና እንገላገል ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትለኝም አልቀየማትም።

«ትርንጎ፣» አለች፣ «ይቺን ከፈረምሽ ሁለተኛ ደጅሽን አልረግጥም።»

«አልፈርምም፣ ጌታዬ» አልኩ። «በአልጋው አልተኛሁም፣ ሳንቃውንም አልማገድኩም፣ ምሕረትም አልጠየቅሁም። ከሳሽ ነኝ። ችሎት ይቀመጥልኝ።»

«ችሎት ያለ ጠላ አይቀመጥም! ማን ይጥመቅ?»

«በእሱ የምትጨነቁት እናንተ ናችሁ። እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ።»

ጫማውን ማየት ረስቶ ወጣ።

ጆሮዎች ያለ ጠላ ተቀምጠው መዋል አልቻሉም። በመጀመሪያው ቀን ተነጫነጩ፣ በሁለተኛው እርስ በርስ ተጣሉ፣ በሦስተኛው ደንባቸውን ከላይ እስከ ታች አስነበቡ። ተከሳሽ አይጠምቅም ይላል። የተከለከለ ይግባኙ እስኪዘጋ አይጠምቅም ይላል፤ የእኔ ተዘግቷል። ከሳሽ አይጠምቅም የሚል ግን የትም የለም። ለካስ ከዚህ በፊት ጠላ ጠማቂ ከሳሽ ሆኖ ስለማያውቅ ነው። ምንይችል ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ለችሎቱ የሚቀርበውን ጠላ ከሳሿ ትጥመቅ፤ ፈቃዱ ክሱ እስኪያልቅ የጸና ነው» ይላል። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ጋን ዛሬውኑ ማጠን ትጀምሪያለሽ?» አለኝ።

«አልጋው ጤና ጣቢያ ሳይገባ እንኳን ጋን ምጣድም አላሞቅም። አግዳሚውም ተማሪ ቤት ይመለስ።»

«ጆሮዎችስ ምን ላይ ይቀመጣሉ?»

«ቆመው ይስሙ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋውም አግዳሚውም ተመለሰ። ጥማት እንዲህ ያለ ፍጥነት እንዳለው አላውቅም ነበር። የሰባቱ ጠላ ቤት ሴቶች ማዘጋጃ ቤት ሄደው የየራሳቸውን ጋን ለይተው አወጡ፤ ተከሳሽ ጋን ምን ያደርግለታል? ሙቀጫቸውን ተሸክመው እኔ ግቢ ገቡ። አልጣሽ ከሁሉም ቀድማ ነበር ጌሾ መውቀጥ የጀመረችው። ስምንት ጋን ጠመቅን።

«የተረፈውን ምን ልታደርጊው ነው?» አለ ምንይችል፤ ሽታው ናፍቆት ነው መሰል ሳይጠራ ነበር የመጣው።

«ትራፊ ይሸጣል። አውራው ራሳቸው ያዘዙት አይደል?»

ሸጥነው። ለስምንት ተካፈልን፤ ከድርሻችን ቀንሰን ለድልድዩ ሳንቃ ገዛን። ሰዎቹም እየጠጡ መዶሻ ያዙ። ይርዳው አመሻሹ ላይ ከበሮውን ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። እኔም ሙቀጫዬን ትቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እህ፣ ጋሼ ይርዳው? ዛሬ በማን ስም ነው?»

ከበሮውን አንዴ መታ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስሙ! ማዘጋጃ ቤቱ ለተከሰሰበት ክስ...» ብሎ ቀጠለ። ድምፁ እንደ በፊቱ ሩቅ ባይሄድም ሰምተነዋል።

ችሎቱ አሁንም አለ። ጆሮዎች ቆመው ይሰማሉ። እኔ ስለ አተላው እናገራለሁ፤ ብዙ የምናገረው አለኝ፤ የዶሮዎቼን ነገር ገና አልነካሁም። ጋኑ ያልቃል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። ድልድዩ ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልሄዱም፤ እኔም አላስቸኩላቸውም። አውራው አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤቱ ድረስ በእግሩ ወርዶ ግቢዬ በር ላይ ቆመ። ከስቷል። ቆጠራ አቁሟል ይባላል።

«ይህ ክስ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ።

«ጠላው ሲያልቅ» አልኩት፤ እያየኝ ለሚቀጥለው ጋን ጌሾ ጠነሰስኩ።